15 ጊዜ የተለበሰ ማልያ

አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች ታላቅ መሆኑን ለመለካት እኛ የስፖርት ገጽ ወዳጆች ቶሎ የምንፈልገው ቁጥር ነው። ስንት ጎል አገባ? ስንት ዋንጫ በላ? ለብሔራዊ ቡድን ስንት ጊዜ ተሰለፈ? በዚህ በሦስተኛው ጥያቄ ብቻ ከሄድን የዛሬው ባለታሪኬ ብዙም የሚያስደንቁ አይደሉም። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፉት 15 ጊዜ ነው። ዛሬ አንድ ጎበዝ ወጣት ተከላካይ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ቁጥር ሊያልፈው ይችላል።

ነገር ግን ያቺን ማልያ 15 ጊዜ የለበሱት ሰው የቀረ ዕድሜያቸውን ያዋሉት ማልያዋ ዋጋ እንዲኖራት በመታገል ነው። የአፍሪካ ተጫዋች የአገሩን ማልያ ለብሶ ሲወጣ ዓለም እንደ ሰው እንዲቆጥረው፣ ከውድድሩም በር ላይ እንዳይመልሰው። ስለ ይድነቃቸው ተሰማ ስንሰማ ብዙ ጊዜ የሚነገረን ሹመታቸው ነው፤ የካፍ ፕሬዚዳንት፣ የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ወዘተ። እኔ ግን ሹመቱ የመጣው ከሜዳው ነው ብዬ ስለማምን ከሜዳው ልጀምር። (የአገራችንን አቆጣጠር ዓ.ም.፣ የውጩን ደግሞ እ.ኤ.አ. እያልኩ ለይቻለሁ።)

የነጋድራስ ልጅ

ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ነው። በእንቁጣጣሽ ዕለት ማለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የሙዚቃ ታሪክ የሚወድ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። በ1900 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው እዚያ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ ከመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሸክላዎች ባለቤቶች አንዱ ናቸው። በግጥምና በቅኔ፣ በሰምና ወርቅ ጨዋታቸው የታወቁ፣ የልጅ ኢያሱም የቅርብ ሰው ነበሩ። መቼም እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ልጅ አንደበተ ርቱዕ ቢሆን አይገርምም። ልጁ በኋላ በየጉባኤው ቆሞ ሲከራከር የአባቱን ወግ ሳይወርስ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ትምህርታቸውን በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤቱ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ዋና ማዕከል ነበር። ይህ ነገር ለጊዜው ተራ ይመስላል። ነገር ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ግማሹ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ በሚናገር አኅጉር ውስጥ ስብሰባ የሚመራ ሰው ሲፈለግ ቋንቋው ትልቅ ስንቅ ሆኗል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ነው። የመሥራቾቹ ስም ሲነሳ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይጠቀሳሉ። ስሙን ያገኘው እዚያው ሰፈሩን ከሚጠብቀው ደብር ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ኳስ በተደራጀ መንገድ የሚጫወቱት በብዛት የውጭ ማኅበረሰቦች ነበሩ፤ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣሊያኖች። ስለዚህ የአገሬው ልጆች በአገራቸው ከተማ የራሳቸውን ቡድን ማቋቋማቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ይድነቃቸው በዚያን ወቅት ገና 14 ዓመታቸው ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለ23 የውድድር ዘመን ሌላ የክለብ ማልያ አልለበሱም። በተለምዶ የሚጠቀሰው መዝገብ ለጊዮርጊስ 365 ጨዋታ ተሰልፈው 318 ጎል አግብተዋል ይላል። ይህ በየጨዋታው አንድ ጎል ለማለት ትንሽ ነው የሚጎድለው።

በገዛ አገር ተለይቶ መጫወት

ክለቡ ከተመሠረተ ብዙም ሳይቆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። የአምስቱ ዓመት ወረራ ሲነሳ እኛ የምናስበው ጦርነቱን፣ የመርዝ ጋዙን፣ የየካቲት 12ን እልቂት ነው። ትክክልም ነው። ግን የፋሺስቱ አስተዳደር በየዕለቱ ኑሮ ላይም ድንበር አበጅቶ ነበር። ነጭ በአንድ ሰፈር፣ የአገሬው ሰው በሌላ ሰፈር። ሲኒማው ለየብቻ፣ ገበያው ለየብቻ። መርካቶ ራሷ የዚያ ክፍፍል ልጅ ናት። ኳሱም ከዚህ አላመለጠም። የአገሬው ልጅ ከአገሬው ልጅ ጋር ብቻ እንዲጫወት ተደረገ፤ ከነጭ ቡድን ጋር ገጥሞ ማሸነፍ ይቅርና በእኩል ሜዳ መቆም እንኳ አይፈቀድለትም።

አስቡት እስቲ። ከ14 ዓመት እስከ 19 ዓመት ያለው ጊዜ አንድ ተጫዋች የሚሠራበት ዕድሜ ነው። ይድነቃቸው ያንን ዕድሜ ያሳለፉት በቆዳው ቀለም ተለይቶ በሚሰጥ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ የደቡብ አፍሪካ ነገር ሲመጣ ለእርሳቸው አፓርታይድ በጋዜጣ የተነበበ የሩቅ ወሬ አልነበረም። እግራቸው የሚያውቀው ነገር ነው።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ተመለሰ። በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሳታፊዎቹ ዝርዝር ራሱ የዘመኑን አዲስ አበባ ያሳያል፤ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ዋንጫ ለማንሳት እስከ 1942 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ግን ዋናው ነገር አሁን ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ መግጠማቸው ነው።

ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታውን ያደረገው በኅዳር 1940 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። ተጋጣሚው የዚያን ጊዜዋ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ የዛሬዋ ጅቡቲ ነበረች። ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸነፈች። ይድነቃቸው የዚያ ትውልድ ተጫዋች ናቸው። ለብሔራዊ ቡድን 15 ጊዜ መሰለፍ የዛሬ ሰው ጆሮ ላይ ትንሽ የሚመስለው ዘመኑን ስንረሳ ነው። በዚያን ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ የለም፤ ማጣሪያ የለም፤ አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ስለሆነ ሊጋጠም የሚችል ነፃ አገር በጣት የሚቆጠር ነው። የሚጫወቱበት ውድድር ሳይኖር 15 ጊዜ መሰለፍ እኮ ትንሽ አይደለም። ለመጪው ትውልድ ግን ውድድሩን ራሱን መፍጠር ያስፈልግ ነበር።

ካርቱም፣ የካቲት 1949

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የተመሠረተው በየካቲት 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1957) ሱዳን ካርቱም ውስጥ ነው። መሥራቾቹ አራት አገሮች ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ እና ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያን ወክለው የተገኙት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከድርጅቱ ጋር አብሮ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ካርቱም ላይ እንዲካሄድ ተወሰነ።

ችግሩ ወዲያው መጣ። ደቡብ አፍሪካ የምትልከው ቡድን ወይ ሁሉም ነጭ ወይ ሁሉም ጥቁር እንጂ የተቀላቀለ አይሆንም አለች። ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ልትገጥም የነበረው ደግሞ ደቡብ አፍሪካን ስለነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ የተባለው አጥቂ ነው።

ይህን ውጤት ብቻ የሚያይ ሰው አሳፋሪ ሽንፈት ነው ሊል ይችላል። እኔ ግን ከዚያ ውድድር ትልቁ ውጤት የፍጻሜው ጨዋታ ነው ብዬ አላምንም። ገና ሲወለድ አራት አባል ብቻ የነበረው ድርጅት አንዱን አባሉን በዘረኝነት ምክንያት ለመተው ደፈረ። ሲሦ እንኳ ያልሞላ ጥርስ ይዞ ነከሰ እንደማለት ነው። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ የዓለም ኃያላን መንግሥታት ከደቡብ አፍሪካ ጋር ይነግዱ ነበር፤ ፊፋም ደቡብ አፍሪካን ያገደው ከአራት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 ነው።

ጥር 13

ይድነቃቸው ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ከሜዳው አልራቁም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ የቡድኑ አሠልጣኝ እርሳቸው ነበሩ። የዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 40 ነው።

የዚያ ቡድን ስብጥር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የጊዮርጊሱ ወጣት አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ግርማ ተክሌ ነበር። ከጣሊያናዊ አባት አሥመራ የተወለዱት ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎም ነበሩ፤ ሉቺያኖ የቡድኑ አምበል ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ጣሊያን ኢትዮጵያውያንን ከሜዳ በቀለም የለየበት ከተማ ውስጥ፣ አሁን የጣሊያናዊ ልጅ የኢትዮጵያን ማልያ ለብሶ አምበል ሆነ። በልጅነታቸው በቀለም ተለይተው የተጫወቱት አሠልጣኝ የመሩት ቡድን እንዲህ ያለ ነበር።

በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፉ። ፍጻሜው የተደረገው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ሰሞን፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ ዛሬ አዲስ አበባ ስታዲየም በምንለው ነው። ተጋጣሚው ግብፅ (የዚያን ጊዜ ስሟ የተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር)፣ ሁለቱንም ያለፉ ዋንጫዎች የወሰደች። ግብፆች በባደዊ ጎል መሩ፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ወዲያው ባደዊ ደገመ፤ ሉቺያኖ እንደገና አቻ አደረገ። ወደ ጭማሪ ሰዓት ገቡ። እዚያ ኢታሎ አገባ፣ በመጨረሻም መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን። 4 ለ 2። ዋንጫውን ጃንሆይ ለአምበሉ አስረከቡ።

ይህች ዋንጫ ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያላት ብቸኛዋ የአፍሪካ ዋንጫ ናት። በየጊዜው ስለ እርሷ ስንጽፍ ናፍቆት ብቻ እንጽፋለን። ከናፍቆቱ ይልቅ ግን እኔን የሚገርመኝ ከአምስት ዓመት በፊት ካርቱም ላይ 4 ለ 0 የተሸነፈችው አገር፣ ያንኑ ባለጋራ 4 ጎል አግብታ ማሸነፏ ነው። ሥራ ተሠርቶበታል ማለት ነው።

ዩሴቢዮ ያለ አፍሪካ

አሁን ወደ ትልቁ ጠብ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 መጀመሪያ ላይ ፊፋ ለ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ 16 ቦታዎችን ሲያከፋፍል፣ ለአውሮፓ 10፣ ለደቡብ አሜሪካ 4፣ ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ 1 ሰጠ። የቀረችውን አንዲት ቦታ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ ተጫውተው ይውሰዷት ተባለ። ሦስት አኅጉር ለአንድ ወንበር! ያውም አፍሪካ ውስጥ ማጣሪያውን ያሸነፈ አገር የዓለም ዋንጫ ለመግባት እንደገና የእስያን አሸናፊ መግጠም አለበት።

የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ተሰማ በዚህ ላይ ተነሡ። የአፍሪካ አገሮች ተመካክረው ከማጣሪያው ወጡ። ፊፋ የገንዘብ ቅጣት ጣለ፤ እነርሱ ግን አልተመለሱም። በዚያ ላይ ፊፋ በ1963 የደቡብ አፍሪካን እገዳ አንስቶ ስለነበር ቁጣው እጥፍ ነበር። እገዳው በ1964 ተመልሶ ተጣለ።

ውጤቱን እንየው። የ1966 የዓለም ዋንጫ ያለ አንድ የአፍሪካ ቡድን ተካሄደ። ያቺን አንድ ቦታ ያገኘችው ሰሜን ኮሪያ ጣሊያንን 1 ለ 0 አሸንፋ ዓለምን ጉድ አሰኘች። የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ደግሞ በ9 ጎል ዩሴቢዮ ነበር። ዩሴቢዮ የተወለደው ሞዛምቢክ ነው፤ የለበሰው ግን የፖርቱጋልን ማልያ። ሞዛምቢክ ያን ጊዜ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ሰውየው ምርጫ አልነበረውም። አፍሪካ በሌለችበት የዓለም ዋንጫ የጎል ንጉሡ አፍሪካ የተወለደ ልጅ ሆነ። ይድነቃቸው ለምን እንደተናደዱ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። አፍሪካ ተጫዋች አላጣችም። ያጣችው ተጫዋቿ በራሷ ማልያ የሚቆምበትን ቦታ ነው።

አድማው ፍሬ አፈራ። እ.ኤ.አ. ለ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ገባች። በ1978 ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸንፋ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ድል አስመዘገበች። በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች፣ ካሜሩንም ሳትሸነፍ ተመለሰች። ለ2026ቱ ውድድር ለአፍሪካ የተሰጠው ቀጥተኛ ቦታ ዘጠኝ ነው። ከምንም ተነሥቶ ዘጠኝ። ይህ ቁጥር ሲነበብ በ1964 የተደረገውን እምቢታ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ወንበሩና ሕጉ

ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊት በ1971 የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበር። ወንበሩ ላይ እስከ ዕለተ ሞታቸው 15 ዓመት ቆዩ። በዚህ መካከል አገራቸው ውስጥ አብዮት ፈነዳ፣ ንጉሣዊው ሥርዓት ወደቀ፣ ደርግ መጣ። በካፍ ግን እርሳቸው ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ ከፊፋ ፕሬዚዳንትነት ወርደው ብራዚላዊው ሃቬላንጅ ሲመረጡ የአፍሪካ ድምፅ ሚዛኑን ደፋ። ደቡብ አፍሪካን በፊፋ ውስጥ ለመመለስ ይጥሩ የነበሩት ራውስ ነበሩና አፍሪካ አልረሳችውም። እ.ኤ.አ. በ1976 ደቡብ አፍሪካ ጨርሳ ከፊፋ ተባረረች። በዚያው ዓመት አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሂዶ ሞሮኮ አሸነፈች።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ምስጋና ነው። አንድ ሰው ደግሞ በምስጋና ብቻ አይጻፍም። ስለዚህ በእኛ ክፍል ውስጥም ብዙ ሊያከራክር ወደሚችለው ጉዳይ ልሂድ።

ከ1965 እስከ 1982 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን ከአኅጉሩ ውጭ የሚጫወቱ ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ እንዲያሰልፍ የሚያስገድድ ሕግ ነበር። ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው ይህን አቋም ይዘው ከቆሙት ዋነኛው ነበሩ። ፍራቻቸው ግልጽ ነው። የአውሮፓ ክለቦች የአፍሪካን ልጆች በርካሽ እየወሰዱ ከሄዱ የአገር ቤት ክለብ ባዶ ይቀራል፤ ስታዲየሙ ሰው ያጣል፤ ፌዴሬሽኑም ልጅ ማሳደጉን ትቶ ውጭ ያደገውን ይጠብቃል። የንግድ ገንዘብም ኳሱን ይገዛዋል። ለ23 ዓመት አንድ ክለብ ብቻ ያገለገለ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም።

በሌላ በኩል ግን ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ተጫዋቹ ነው። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ ቢበዛ 15 ዓመት። ቤተሰብ አለው። ውጭ ሄዶ እንጀራውን ሲጋግር የአገሩን ማልያ ሊያጣ ነው። ሁለት ቦታ ብቻ ካለ ሦስተኛው ጎበዝ ምን ይሁን? ማልያው የአፍሪካዊው ሁሉ መብት ነው ብሎ ለታገለ ሰው፣ ይህ ሕግ መብቱን ከራሱ ልጅ የሚቀማ ይመስላል። የአፍሪካ ዋንጫም ምርጥ ልጆቿ ሳይኖሩ ሲካሄድ ከዓለም ዓይን ትርቃለች። በመጨረሻ ሕጉ ተነሣ።

የእኔ አስተያየት ይኸው ነው፤ መፍትሔው ስሕተት ነበር፣ ጥያቄው ግን ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሞሮኮ ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ፣ በታሪክ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ስትሆን፣ ከተጫዋቾቿ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተወለዱት ከሞሮኮ ውጭ ነው። የአውሮፓን ማልያ መልበስ እየቻሉ የወላጆቻቸውን አገር መረጡ። ዩሴቢዮ ያላገኘውን ምርጫ አገኙ ማለት ነው። ማልያዋ ክብር ከሌላት ማን ይመርጣት ነበር? ይህ ለይድነቃቸው ድል ነው። ሕጋቸው ቢቀጥል ኖሮ ግን ያ ቡድን አይታሰብም።

ፍራቻቸውም ቢሆን ከንቱ አልነበረም። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በየሰፈራችን ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት የሚሰበሰበውን ሰው እንይ። የአርሴናልንና የማንቸስተርን ተጠባባቂ በስም የሚጠራ ልጅ የሰፈሩን ክለብ በረኛ አያውቅም። በልጁ አልፈርድም፤ እኔም እዚያው ወንበር ላይ ነኝ። ይድነቃቸው ግን ይህንን ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት አይተውታል። ችግሩ ተጫዋቹን በመከልከል አይፈታም፤ ክለቡን በማሳደግ እንጂ። እርሳቸው ደግሞ ክለቡን ማሳደግ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ከቡሄ እስከ ጥር

ይድነቃቸው ተሰማ ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። የቡሄ ዕለት። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ዐረፉ። 65 ዓመታቸው ነበር። ካርቱም ላይ በአራት አገር የተጀመረው ድርጅት እርሳቸው ሲያልፉ ከአርባ በላይ አባላት ነበሩት። ደቡብ አፍሪካ ግን ያን ጊዜም ውጭ ናት። አፓርታይድ ሲወድቅ አላዩም። ደቡብ አፍሪካ ወደ ካፍ ስትመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቀላቀለ ቡድኗን ይዛ የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታ ስታሸንፍም አላዩም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ ላይ ከተሳተፈች በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀባት። የተመለሰችው በ2013 ነው፤ አዘጋጇ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው ጨዋታችን ከያኔዋ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር በኔልስፕሩት ከተማ ነበር። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው እየተጫወትን፣ 1 ለ 0 እየተመራን፣ አዳነ ግርማ አቻ የምታደርገውን ጎል አገባ። አዳነ ያኔ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። ዕለቱ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.። የ1954ቱ ፍጻሜ ልክ 51ኛ ዓመቱን የያዘበት ቀን።

ቡድናችን ከምድቡ አላለፈም፤ ይህም መነገር አለበት። ነገር ግን በዚያ ስታዲየም ውስጥ የነበረውን እስቲ እናስተውል። በ1949 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን አላሰልፍም ብላ ከካርቱም የቀረችው አገር፣ በሯን ከፍታ አፍሪካን ታስተናግዳለች። ያኔ በግማሽ ፍጻሜ ልትገጥማት ስትል ያልገጠመቻት ኢትዮጵያ በእርሷ ሜዳ ላይ ትጫወታለች። ጎሉን የሚያገባው ደግሞ የይድነቃቸው ክለብ ልጅ ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገ የተጫዋች ታሪክ ስንጽፍ ለብሔራዊ ቡድን ስንት ጊዜ እንደተሰለፈ መጻፋችን አይቀርም፤ መጻፍም አለብን። ከቁጥሩ አጠገብ ግን አንድ ጥያቄ ብንጨምር ጥሩ ነው፤ ያቺን ማልያ ካወለቀ በኋላ ምን አደረገላት? ይድነቃቸው ተሰማ 15 ጊዜ ለበሷት። ከዚያ በኋላ የለበሱት ግን እርሳቸው ያስከበሯትን ነው።